ክኒን ውጦ መሮጥ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ቢኤምጄ የተባለው የብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት 218 ጥናቶችን አንድ ላይ የጨመቀ ትንተና አወጣ። በጥናቶቹ የተሳተፉት 14,170 ሰዎች ናቸው። ውጤቱ ሯጭን ሁሉ የሚያስፈነድቅ ነበር፤ ሶምሶማና የእግር ጉዞ ድባቴን በማቅለል ከፊተኞቹ ተርታ ተሰለፉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። ወሬው ከመጽሔቱ ወጥቶ ሰፊው ሕዝብ ዘንድ ሲደርስ ጥናት መሆኑ ቀርቶ ግጥሚያ ሆነ፤ በአንድ ጥግ ክኒን፣ በሌላው ጥግ ሩጫ።

ግጥሚያው አዲስ አይደለም። በ1999 የዱክ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ብሉሜንታልና ባልደረቦቹ በዕድሜ ጠና ያሉ 156 የድባቴ ታማሚዎችን ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ሰርትራሊን የተባለውን የድባቴ ክኒን ወሰደ፣ አንዱ ስፖርት ሠራ፣ አንዱ ሁለቱንም አደረገ። ከ16 ሳምንት በኋላ የሦስቱም ለውጥ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በ2023 የታተመው የአምስተርዳም ጥናት ደግሞ ለአብዛኞቹ ተሳታፊዎች ምርጫውን ተወላቸው፤ 96ቱ በሩጫ፣ 45ቱ በክኒን ወገን ሆኑ። እዚህም ከድባቴው የወጡት በሁለቱም ወገን ከመቶ 44 ገደማ ናቸው፤ ሯጮቹ በክብደትና በደም ግፊት በኩል ተጨማሪ ጥቅም አግኝተዋል። ርዕስ ያልሆነችው ቁጥር ግን የበለጠ ታስተምራለች። ክኒኑን በታዘዘው መሠረት የወሰዱት 82 በመቶ ሲሆኑ፣ ሩጫውን በታዘዘው ልክ የዘለቁት 52 በመቶ ብቻ ናቸው። ከአልጋ መነሳት ያቃተውን ሰው «ጫማህን አስረህ ውጣ» ማለት ቀላል ነው።

በዚህ ግጥሚያ መሀል የተረሳ ሰው አለ። ማታ ክኒኑን ውጦ ይተኛል፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለልምምድ ይወጣል። ለእሱ «ክኒን ወይስ ሩጫ» የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱንም ይፈልጋል፣ ሁለቱንም ያደርጋል። እሱን የሚያሳስበው መድኃኒቱ ከላብ፣ ከፀሐይ፣ ከውሃና ከጨው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ስለ ግጥሚያው ከሚጻፈው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

መጀመሪያ ሊነሳ የሚገባው ሊቲየም ነው። በ1949 አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ማኒያ ለሚባለው ከልክ ያለፈ የስሜት መናር እንደሚበጅ ጽፎ አስተዋወቀው። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ይኸው ንጥረ ነገር ሰው ገድሏል። ሊቲየም ክሎራይድ ጨው ለተከለከሉ የልብ ሕሙማን በገበታ ጨው ምትክ ይሸጥ ነበር፤ የሞቱ ሰዎች መኖራቸው ሲታወቅ ከገበያ ተነሳ። አሜሪካ ለመድኃኒትነት የፈቀደችው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1970 ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሯጭ የሚሆነው ትምህርት ጨው ነው። ኩላሊት ሊቲየምንና ሶዲየምን አጥርቶ አይለይም። ሰውነት ጨውና ውሃ ሲጎድለው ኩላሊት «ምንም አይውጣ» ብሎ ሶዲየሙን ይቆጥባል፤ ሊቲየሙንም አብሮ ያስቀራል። በደም ውስጥ የሚፈለገው መጠን ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሊሞል በሊትር ገደማ ነው፤ 1.5 ሲያልፍ የመመረዝ ምልክት ይጀምራል። በፈዋሹና በመርዙ መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ጠባብ ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ መንገዳገድ፣ የምላስ መተሳሰር። ማራቶን አይቶ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግማሹ ሯጭ ይንገዳገዳል፣ አንዳንዱ ያስመልሳል፣ ሲናገር ቃሉ አይሰማም። በሊቲየም የተመረዘ ሰው ከእነሱ መሀል ቢኖር ማን ይለየዋል? ጓደኛው «አይዞህ፣ ትንሽ ቀርታለች» ይለዋል እንጂ ደሙን አያስመረምረውም።

ነገሩን ውስብስብ የሚያደርገው በ1982 የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት ነው። ጄምስ ጀፈርሰንና ባልደረቦቹ ጤነኛ ስፖርተኞችን ሊቲየም አስጀምረው 20 ኪሎ ሜትር አስሮጧቸው። ሯጮቹ አራት ብቻ ነበሩ። በላብ ውሃ ስለሚያጡ በደማቸው ያለው ሊቲየም ይጨምራል የሚል ነበር የሚጠበቀው። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ላብ ሊቲየምን ከሶዲየም እንኳ አብልጦ ጠርጎ ያወጣዋል። እንግዲህ መማሪያ መጻሕፍቱ «ሙቀትና ላብ ሊቲየምን ያንራሉ» እያሉ ሲያስጠነቅቁ፣ አራቱ ሯጮች ደግሞ «ያወርዱታል» ብለው መሰከሩ።

ማን ልክ ነው? የዚህ ጸሐፊ ፍርድ ሁለቱም ልክ ናቸው የሚል ነው፤ ሰዓታቸው ይለያያል። በሩጫው ላይ ላብ ሊቲየሙን ይቀንሳል። ከሩጫው በኋላ ሯጩ ውሃና ጨው ሳይተካ ከቀረ፣ በተለይ ሆዱ ከተበላሸ፣ ኩላሊቱ መቆጠብ ይጀምራል፤ መጠኑም ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ አደገኛው ሰዓት የመጨረሻው መስመር ላይ ሳይሆን ማታ ቤት ከተገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። በአራት ሰው ጥናት ተማምኖ «ላብ ያወርደዋልና ግድ የለኝም» ማለት ሞኝነት ነው። «መሮጥ ክልክል ነው» ብሎ መፍራትም ያንኑ ያህል መሠረት የለውም። መፍትሔው ደም መመርመር ነው፤ በተለይ የልምምዱ መጠን ሲጨምር ወይም ሯጩ ወደ ሞቃት አገር ሲሄድ።

ከላብ ይልቅ ሯጭን የሚያጠምደው በኪሱ የያዘው የሕመም ማስታገሻ ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በኩላሊት በኩል የሊቲየምን መውጫ ያጠባሉ። ጉልበቱን ያመመው ሯጭ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ገዝቶ የሚውጠው ደግሞ እነዚህኑ ነው። ፓራሲታሞል ይህ ችግር የለበትም። ቡናም አለበት ነገሩ። ካፌይን ሊቲየምን በሽንት ያስወጣል፤ በቀን ሦስቴ ቡና የሚጠጣ ሰው ለውድድር ብሎ በአንዴ ቢያቆም የሊቲየሙ መጠን ሊወጣ ይችላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሚባልበት አገር ይህ ተራ ነገር አይደለም።

የፀረ-ድባቴ መድኃኒቶች ሰፈር ሰፋ ያለ ነው። እነ ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊንና ኢስሲታሎፕራም አንዳንዱን ሰው ከወትሮው በላይ ያስልባሉ። ደግሞም ሰውነት ውሃ እንዲይዝ እያደረጉ በደም ያለውን ሶዲየም ሊያወርዱ ይችላሉ። በ2002ቱ የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው ሶዲየማቸው ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያት ከመጠን ያለፈ ውሃ መጠጣት ነበር። እነዚህን ክኒኖች የሚወስድ ሯጭ «ውሃ ጠጣ፣ ጠጣ» የሚለውን ምክር እንዳለ ሊቀበል የማይገባው ለዚህ ነው። በጥማቱ ልክ ይጠጣ፣ ጨውም አይርሳ። ጉልበት ይቀንሳሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የተበታተነ ነው። በ1992 ዊልሰንና ሮን ሞን ፓሮክሴቲን የሰጧቸው ሰባት ወንዶች ከወትሯቸው ከ20 ደቂቃ በላይ ቀድመው ደከሙ። በ2004 የዚያው የሞን ቡድን በሙቀት ውስጥ ሲደግመው ልዩነት አላገኘም።

ከፀረ-ድባቴዎቹ መሀል ቡፕሮፒዮን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በ2005 የብራስልሱ የሮማን ሚውሰን ቡድን ለዘጠኝ የሠለጠኑ ወንዶች መድኃኒቱን ሰጥቶ ብስክሌት አስነዳቸው። በ18 ዲግሪ ምንም ለውጥ አልታየም። በ30 ዲግሪ ግን ሥራውን በ9 በመቶ ፈጥነው ጨረሱ፤ የሰባቱ የውስጥ ሙቀት 40 ዲግሪ ደረሰ ወይም አለፈ። የሚያስፈራው ይህ አይደለም። የሚያስፈራው የበለጠ መሞቃቸውም፣ የበለጠ መድከማቸውም አለመሰማቱ ነው። አንጎል «በቃ» የሚልበት ደወል ተዳፍኗል። መድኃኒቱን ለቀናት ደጋግመው በወሰዱት ላይ ሲሞከር ያ የፍጥነት ጥቅም አልታየም፤ አደጋው የሚያይለው አዲስ በተጀመረበት ሰሞን ይመስላል። ዋዳ፣ ማለትም የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ፣ ቡፕሮፒዮንን አልከለከለም፤ በክትትል መዝገብ ይዞታል።

ለስኪዞፍሬኒያና ለማኒያ የሚሰጡት መድኃኒቶች ጉዳይ ባጭሩ ይነገራል። ኦላንዛፒን ያወፍራል፣ ክዌታፒን ጠዋት ያደነዝዛል፣ ክሎርፕሮማዚንና በድባቴ ወገን ያለው የቆየው አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃሉ፣ ላብንም ሊቀንሱ ይችላሉ። ላቡ የቀነሰ ሯጭ ማቀዝቀዣው እንደተበላሸ መኪና ነው። በእንጦጦ ብርድ የማይታሰበው ነገር ሰመራ፣ ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። ለእጅ መንቀጥቀጥ ወይም ለጭንቀት ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ደግሞ የልብ ምት የሚለካ ሰዓቱን አይመን። መድኃኒቱ ልብን ስለሚገታ ሰዓቱ «ገና ነህ» እያለው እሱ ተንፍሶ ያልቃል።

የተሳሳተ ክኒን ለተሳሳተ ሰው ሲሰጥስ? አሜሪካዊቷ የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ሱዚ ፌቨር ሃሚልተን በሦስት ኦሊምፒኮች ሮጣለች። ከወሊድ በኋላ ለመጣ ድባቴ ሰርትራሊን ታዘዘላት። ሕመሟ ድባቴና ማኒያ የሚፈራረቁበት ባይፖላር መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ክኒኑ ማኒያዋን እንዳባባሰው በ2015 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ጽፋለች። በቀናት ውስጥ እንቅልፍ የማያሻው፣ የማይደክመው ሯጭ ሲገጥመው አሰልጣኝ «ፎርሙ መጣ» ብሎ ደስ ይለው ይሆናል። ሐኪም ግን መጠርጠር አለበት።

የመስኩ ትልቁ ክርክር ያለው ግን ከሐኪም ቤት ይልቅ በፀረ-ዶፒንግ ቢሮ ነው። ኦገስት 7፣ 2021 በሳፖሮ የተሮጠውን የሴቶች የኦሊምፒክ ማራቶን ኢትዮጵያውያን የሚያስታውሱት ሮዛ ደረጀ አራተኛ ወጥታ ሜዳሊያ ስላመለጣት ነው። ሙቀቱን ሽሽት ውድድሩ ከቶኪዮ ወደ ሰሜን ተወስዶ ነበር፤ መነሻ ሰዓቱም በአንድ ሰዓት ቀደመ። ከሮዛ ፊት ነሐሱን የወሰደችው አሜሪካዊቷ ሞሊ ሳይደል ናት፤ ማራቶን ስትሮጥ ገና ሦስተኛዋ ነበር። ሳይደል ኦሲዲ በሚባለው የአእምሮ ሕመምና ከአመጋገብ ጋር በተያያዘ ሕመም ለዓመታት እንደተቸገረች በይፋ ተናግራለች። በ2022 ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ችግር እንዳለባትም ታወቀ። አድራል ተሰጣት፤ ረዳት። አድራል ግን አምፌታሚን ነው፣ በውድድር ላይ የተከለከለ። ለሕክምና የሚሰጠውን ልዩ ፈቃድ ጠየቀች፤ እንዳልተፈቀደላት ራሷ ተናግራለች። መድኃኒቱን ስትተው የአመጋገብ ሕመሟ ተመለሰ። በዚያ ክረምት ከዩጂኑ የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ቀረች፤ ያን ውድድር ጎተይቶም ገብረሥላሴ በ2:18:11 አሸነፈች።

ሕጉ ዝም ብሎ ጭካኔ አይደለም። በጁላይ 1967 ብሪታኒያዊው ብስክሌተኛ ቶም ሲምፕሰን በሞን ቫንቱ ተራራ ላይ ከብስክሌቱ ወድቆ ሲሞት በደሙ አምፌታሚን ነበር፣ ቀኑም ይፋጅ ነበር። የሚውሰን ቡድን በ2008 ሌላውን የኤዲኤችዲ መድኃኒት ሜቲልፌኒዴት በ30 ዲግሪ ሲሞክር ያገኘውም ከቡፕሮፒዮኑ የባሰ ነው፤ ፍጥነት ጨመረ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ተሻገረ፣ ነጂዎቹ ግን አላወቁትም። እንግዲህ ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ያም ሆኖ እግር ለተሰበረው ክራንች ሲፈቀድ ማንም «ጥቅም አገኘ» አይልም። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ ፈቃድ ላይ ያለው ጥርጣሬ ከሳይንሱ ቀድሞ የሄደ ይመስላል። ዋዳ አቶሞክሴቲን የተባለውን የኤዲኤችዲ መድኃኒት አልከለከለም፤ ለሁሉም ሰው ግን አይስማማም።

የአገራችን ሯጮች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር በዋዳ የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አለ። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲን በሽንት ከ5 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ካለፈ፣ ካቲኖን ደግሞ በማንኛውም መጠን በውድድር ላይ ያስቀጣሉ። «ውድድር ላይ» የሚባለው የሚጀምረው በዋዜማው ሌሊት 5:59 ሰዓት ነው። ጫት ከአእምሮ መድኃኒት ጋር ሲደረብ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፤ ባይፖላር ላለበት ሰው የእንቅልፍ እጦት የማኒያ በር ነው።

ወደ ሳይደል እንመለስና፣ በኦክቶበር 2023 ቺካጎ ላይ 2:23:07 ሮጣ የራሷን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበች።

ክኒን እየዋጣችሁ የምትሮጡ ካላችሁ፣ ለሐኪማችሁ በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሮጡ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ሙቀትና ምን ማስታገሻ እንደምትወስዱ ንገሩት። ባይጠይቃችሁም ንገሩት። ክኒኑንም ውድድር ደረሰ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።