የድሬዳዋ ዛፍ፦ ከአበባው በፊት ቦታው ይታሰብ

በበጋው ማብቂያ በባሕር ዳር ጎዳናዎች ዳር ቀይ አበባ ለብሶ የሚታየው የድሬዳዋ ዛፍ በመኖሪያ ግቢም ለውበትና ለጥላ ይተከላል። ስሙ በከተማዋ ቢጠራም የትውልድ ሀገሩ ማዳጋስካር ነው። ሙቀት ስለሚወድ ውርጭ ለሚመታው ደጋ አይስማማም።

ዛፉን የሚተክሉ ሰዎች አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባው ነገር ሥሩ ነው። ሥሩ ለመሬቱ ገጽ ቀርቦ ወደ ጎን ስለሚሰራጭ ሲወፍር የአጥር ግንብና የሲሚንቶ ንጣፍ ይሰነጥቃል፤ የውኃ ቧንቧም ይጎዳል። ቅርንጫፉም በኃይለኛ ነፋስ በቀላሉ ይሰበራል። በመሆኑም ከቤት፣ ከአጥርና ከኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ 6 ሜትር ማራቅ ይመከራል። ግቢያቸው ጠባብ ለሆነ እንደ ቦትል ብረሽ ያለ አነስተኛ ዛፍ ይሻላል።

የዘሩ ሽፋን ጠንካራ ነው። ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውኃ ውስጥ ጨምሮ ለ24 ሰዓት መዘፍዘፍ ቶሎ እንዲበቅል ያግዘዋል። ችግኙ ክረምቱ ሲገባ ይተከላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውኃ ማጠጣትና ከፍየል መጠበቅ ያስፈልጋል። ግንዱ ቀጥ ብሎ እንዲያድግም የታችኞቹ ቅርንጫፎች ገና በለጋነታቸው ይገረዛሉ።

ዛፉ በደረቁ ወቅት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ይህ ተፈጥሮው በመሆኑ ደርቋል ተብሎ መቆረጥ የለበትም። ከዘር የበቀለ ዛፍ ለማበብ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ያለቦታው የተተከለ ዛፍ ታዲያ ግንብ መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ሊያብብ ወይም ማበብ በጀመረ ጊዜ ለመጥረቢያ ይዳረጋል። የዓመታት ልፋት ከንቱ እንዳይቀር ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ርቀቱን መለካት ይገባል።