የሽል የዘረመል ምርመራ ዝግጅት በምዕራብ ሸዋ ቤተሰቦች ዓይን

በቤተ ሙከራ የሚፈጠር ሽል ወደ ማሕፀን ከመግባቱ በፊት ለአንድ የታወቀ የዘር በሽታ ሊመረመር ይችላል። ከዚህ ምርመራ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ልጆች የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1990 በለንደን ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከፈተ። የሽል የዘረመል ምርመራ ግን በዚህ ዓይነቱ ሕክምና ላይ የሚጨመር፣ የራሱ ዝግጅት ያለው ሥራ ነው።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ከሽሉ ውጫዊ ክፍል ጥቂት ሴሎች ይወሰዳሉ፤ ውጤቱ እስኪታወቅም ሽሉ በቅዝቃዜ ይቆያል። ሆኖም የሚፈለገው የዘረመል ለውጥ አስቀድሞ ካልተለየ፣ በሴሎቹ ውስጥ ምን እንደሚፈለግ አይታወቅም። ስለዚህ የወላጆችና የታመመው ልጅ የደም ናሙና ይቀድማል። ሁለቱም ወላጆች የአንድ ድብቅ በሽታ ተሸካሚዎች ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው።

እስከ ሰባት ትውልድ ዘር የመቁጠር ልማድ የቅርብ ዘመዶችን ጋብቻ ይከላከላል እንጂ ተሸካሚነትን አያስቀርም። ለቤተሰብ የሕመም ታሪክ ግን ጥሩ መነሻ ነው፤ በለጋነታቸው የሞቱ ልጆችም በዚያው ሊቆጠሩ ይገባል።

እንግዲህ ከአምቦ፣ ከጉደር ወይም ከጌዶ ለሚነሱ ጥንዶች ዝግጅቱ የሚጀምረው ከአዲስ አበባው ጉዞ በፊት ነው። የታመመው ሕፃን ናሙናው ሳይቀመጥ ከሞተ፣ ለውጡን የመለየቱ ሥራ እጅግ ይከብዳል። ስለሆነም የዘር በሽታ በሚጠረጠርበት ጊዜ፣ በወላጆች ፈቃድ ናሙና ማስቀመጥ ለሚቀጥለው ልጅ የሚደረግ የመጀመሪያው ሕክምና ነው።