ስልኩ የሂሳብ መዝገብ ሲሆን አዲሱን እትም ማን ያከፋፍላል?

የአንድ ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ሁለት የሽያጭ ሠራተኞች በአንድ ማለዳ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ገቡ እንበል። ሁለቱም ትእዛዝ የሚቀበሉት ድርጅቱ ባሠራው የሞባይል መተግበሪያ ነው። የአንደኛው ስልክ ባለፈው ሳምንት የተላከውን አዲስ እትም ይዟል። የሁለተኛው ግን ከሁለት ወር በፊት በተጫነለት አሮጌ እትም ይሠራል። በዚህም የተነሳ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ባለሱቆች ለአንድ ዓይነት ዘይት ሁለት ዋጋ ይነገራቸዋል። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ መዝገቡና መጋዘኑ አይገናኙም፤ ውድ የተነገረው ደንበኛም ተቀይሟል። ከሠራተኞቹ የሰረቀም የዋሸም የለም። ጥፋቱ የመጣው ድርጅቱ መተግበሪያውን ለሠራተኞቹ የሚያከፋፍልበት ሥርዓት ስለሌለው ነው።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከደረሰባት ጀምሮ መተዳደሪያዋ ዕቃ ተቀብሎ ማከፋፈል ነው። ነጋዴዋ አንድ ኮንቴይነር ሲገባ ስንት ካርቶን እንደያዘ፣ ለማን ስንት እንደወጣና የቀረው የት እንዳለ መዝግቦ መያዝን ከአባቱ የተማረ ነው። በስልክ ላይ ያለው መተግበሪያም ከዚህ የተለየ አያያዝ አይሻም። እያንዳንዱ እትም ቁጥር ያለው ሸቀጥ ነው፤ ከአንድ መጋዘን መውጣት፣ ለታወቀ ሰው መድረስና ጉድለት ሲገኝበት መመለስ አለበት።

በቴሌግራም የሚላክ ፋይል

በብዙ አነስተኛ ድርጅቶች የሚታየው አሠራር ፕሮግራም ሠሪው ኤፒኬ የተባለውን የአንድሮይድ መተግበሪያ ፋይል በቴሌግራም ግሩፕ ይለጥፋል፣ ሠራተኞችም አውርደው ይጭናሉ የሚል ነው። ወጪ የለውም፣ ፈጣንም ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛ፣ ማን እንደጫነና ማን እንዳልጫነ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው ፋይሉን ለመጫን ስልኩ ከመደብር ውጭ የሚመጣ መተግበሪያ እንዲቀበል ይፈቅዳል፤ ለድርጅቱ ፋይል የተከፈተው በር ለአጭበርባሪው ሐሰተኛ መተግበሪያም ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሦስተኛ፣ ፋይሉ ከግሩፑ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የሚከለክለው የለም። ጉግልም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ማንነታቸው ያልተረጋገጠ አዘጋጆች የሚሠሯቸውን መተግበሪያዎች መጫንን የሚያጠብቅ አሠራር ከጥቂት አገሮች ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በዓለም ዙሪያ ለማዳረስ ማቀዱን አስታውቋል። በቴሌግራም መንገድ ላይ የተደገፈ ድርጅት ከወዲሁ ሊያስብበት ይገባል።

ሌሎቹ መንገዶች

ለአንድሮይድ ስልኮች የመጀመሪያው አማራጭ ጉግል ፕሌይ ነው። የአዘጋጅነት አካውንት ለመክፈት የሚጠየቀው ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል 25 ዶላር ነው። መተግበሪያው ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት እስከ 100 ለሚደርሱ የተመረጡ ሰዎች ብቻ የሚላክበት የውስጥ የሙከራ መስመርም አለው።

ሁለተኛው አማራጭ መተግበሪያውን ለሕዝብ ሳያሳዩ በዚያው መደብር ውስጥ ለድርጅቱ ሠራተኞች ብቻ ማስቀመጥ ነው። ይህ ስልኮችን ከአንድ ቦታ ከሚቆጣጠር ፕሮግራም ጋር የሚሄድ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በየስልኩ ቁጥር ወርኃዊ ክፍያ አለው። ለክፍያው ምላሽ የሚገኘው የትኛው ስልክ የትኛውን እትም እንደያዘ የሚያሳይ ዝርዝርና ከቢሮ ሆኖ አዲሱን እትም የመጫን ሥልጣን ነው። ስልኩ የሠራተኛው የግል ንብረት በሆነ ጊዜ ለሥራ ብቻ የተለየ ክፍል በስልኩ ውስጥ ይከፈታል፤ ድርጅቱ የሚያዘው በዚያ ክፍል ላይ ብቻ ሲሆን የቤተሰብ ፎቶግራፍና የግል መልእክት አይመለከተውም።

አይፎን ለሚይዙ ኃላፊዎች አፕል ለድርጅቶች የከፈተው የራሱ መስመር አለ። ከዚህም ሌላ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች በዓመት 299 ዶላር ከፍለው ለሠራተኞቻቸው ብቻ በቀጥታ የሚያከፋፍሉበት ፈቃድ ይሰጣል። “ለሠራተኞች ብቻ” የሚለው ቃል ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ፌስቡክ በዚህ ፈቃድ ለውጭ ሰዎች መተግበሪያ በማደሉ አፕል ፈቃዱን ሰርዞበት ነበር። ያን ጊዜ የፌስቡክ ሠራተኞች የሚገለገሉባቸው የውስጥ መተግበሪያዎች በአይፎን ላይ መሥራት አቁመው ነበር።

በጥቂቱ መሞከር

ድሬዳዋ ለዚህ ትምህርት የቅርብ ምሳሌ አላት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የጀመረው በዚችው ከተማ ነበር። ወደ ሌሎች ከተሞች የሄደው ከዚያ በኋላ ሲሆን በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አዲስ ነገር በአንድ ቦታ ተሞክሮ፣ ጉድለቱ ታይቶ፣ ከዚያ ይሰፋል ማለት ነው።

40 ስልክ ያለው አከፋፋይም ይህንኑ በራሱ መጠን ማድረግ ይችላል። አዲሱን እትም በመጀመሪያ ለሁለት ሠራተኞች፣ ምናልባት አንዱ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ፣ ሌላው ኔትወርክ ወደሚቆራረጥበት ወደ ደወሌ መስመር ለሚወጣ ይሰጣል። ሁለት ሦስት ቀን ታይቶ ሂሳቡ ከገጠመ ለአሥር፣ ቀጥሎም ለሁሉም ይለቀቃል። ጉግል ፕሌይም ለሕዝብ በወጡ መተግበሪያዎች ላይ አዲስ እትም በመቶኛ እየተከፋፈለ እንዲለቀቅና ችግር ሲታይ እንዲቆም ይፈቅዳል። ሆኖም ማቆም ማለት ለቀሩት እንዳይደርስ ማድረግ እንጂ ከደረሳቸው ስልኮች ላይ ማንሳት አይደለም።

በሥርዓት ላይ የሚደረግ ለውጥ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የአገሪቱ ትልቁ ባንክ አሳይቷል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ የተወሰደው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን፣ ችግሩም ከውጭ በተሰነዘረ ጥቃት ሳይሆን ከራሱ የሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። አብዛኛው ገንዘብ ቢመለስም የማስመለሱ ሥራ ቀላል አልነበረም። የአከፋፋዩ መጠን ትንሽ ቢሆንም የጉዳቱ ጠባይ አንድ ነው፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ለመመለስ የሚያስቸግር መንገድ

ብዙ ነጋዴ የማያውቀው ነገር አንድሮይድ ከፍ ያለ ቁጥር ባለው እትም ላይ ዝቅ ያለውን እንደማይጭን ነው። አሮጌውን ለመመለስ አዲሱን ማጥፋት ግድ ይላል፤ ሲጠፋ ደግሞ በስልኩ ላይ ተመዝግቦ ወደ ቢሮ ያልተላለፈ ትእዛዝ አብሮ ይጠፋል። ስለሆነም ልምድ ያላቸው ፕሮግራም ሠሪዎች አሮጌውን ሥራ አዲስ ከፍ ያለ ቁጥር ሰጥተው መልሰው ይልኩታል። ነጋዴው ከፕሮግራም ሠሪው ጋር ሲዋዋል “ጉድለት ቢገኝ በስንት ሰዓት ትመልሰዋለህ?” ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

የዋጋ ጉዳይም ከዚህ ጋር ይነሳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአስመጪው ዋጋ በየጊዜው የሚለዋወጥ ሆኗል። ዋጋው በመተግበሪያው ውስጥ ከተጻፈ ለእያንዳንዱ ለውጥ አዲስ እትም ማከፋፈል ሊያስፈልግ ነው። ዋጋው ከድርጅቱ ሰርቨር በየማለዳው የሚመጣ ከሆነ ግን እትሙ ሳይነካ ዋጋው ይለወጣል። አዲስ እትም መላክ የሚያስፈልገው እንደ ታክስ አሠራር ያለ የስሌት ደንብ ሲለወጥ ብቻ ይሆናል።

የመላኪያውም ሰዓት ይታሰብበት። አንዱ እትም 60 ሜጋባይት ቢሆን ለ40 ስልክ 2 ሺህ 400 ሜጋባይት ይሆናል። ሠራተኛው መንገድ ላይ እያለ በራሱ የካርድ ሂሳብ እንዲያወርድ ከማስገደድ ማታ ሲመለስ በመጋዘኑ ዋይፋይ እንዲጭን ማድረግ ይቀላል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ከሁሉም የከፋው ኪሳራ የሚመጣው ከባለቤትነት ነው። እያንዳንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚፈረምበት ዲጂታል ቁልፍ አለው። ስልኩ አዲሱን እትም የሚቀበለው ከቀድሞው ጋር በሚስማማ ቁልፍ የተፈረመ ከሆነ ብቻ ነው። ቁልፉ ከፕሮግራም ሠሪው ላፕቶፕ ጋር ከጠፋ፣ ወይም ሰውየው ተጣልቶ ከሄደ፣ ድርጅቱ የከፈለበትን መተግበሪያ ማደስ ሊሳነው ይችላል። የጉግል ፕሌይ አካውንቱም በግለሰቡ ስምና ኢሜይል ከተከፈተ ነገሩ በሰው ስም መጋዘን ተከራይቶ የራስን ዕቃ እንደማስቀመጥ ነው።

በመሆኑም አካውንቱ በድርጅቱ ስም መከፈት፣ የቁልፉም ቅጂ በድርጅቱ ካዝና መቀመጥ አለበት። ይህ በውሉ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ የመጨረሻውን ክፍያ መልቀቅ አያዋጣም።

የጠፋ ስልክም ሊታሰብበት ይገባል። በውስጡ የደንበኞች ስም፣ ስልክ ቁጥርና የዱቤ መጠን አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህን መጠበቅ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ስልኮችን በአንድ ቦታ የሚቆጣጠር ድርጅት የጠፋውን ከቢሮ ሆኖ ይቆልፈዋል፣ መረጃውንም ያጠፋዋል። በቴሌግራም የሚያከፋፍለው ግን ቢበዛ የሠራተኛውን የይለፍ ቃል ይለውጣል።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የየስልኩን ባለቤት፣ የጫነውን እትም ቁጥርና የተጫነበትን ቀን የያዘ አንድ መዝገብ ማዘጋጀት፣ አዲስ እትም እንዲለቅ የሚፈቅድ አንድ ኃላፊ መሰየም፣ ቁልፉና አካውንቱ የማን እንደሆኑ ማጣራት በቂ ነው። መዝገቡ ተሠርቶ የሁለተኛው ሠራተኛ ስልክ ሁለት ወር ወደ ኋላ መቅረቱ ቀድሞ ቢታይ ኖሮ ሁለቱ የቀፊራ ባለሱቆች አንድ ዋጋ ይሰሙ ነበር።