36 ሰዓት የቆመ ሐኪም

የጎረቤቴን እናት ይዤ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የገባሁት አመሻሽ ላይ ነበር። ተራችን ደርሶ ወጣቱ ሐኪም ማዳመጫውን ጀርባቸው ላይ አሳረፈና ዝም አለ። ትንፋሻቸውን የሚያዳምጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንቅልፍ ወስዶታል። እማማ ዘወር ብለው «ልጄ፣ እህል ቀምሰሃል?» ሲሉት ደንግጦ ነቃ። «ይቅርታ እማማ፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልለቅ አለኝ።

ዲዩቲ የሚባለው የሆስፒታል ተረኝነት ነው። ኢንተርንና ሬዚደንት የሚባለው ሠልጣኝ ሐኪም ቀን ሲሠራ ይውላል፣ ሌሊቱን ያድራል፣ በማግሥቱም ሞርኒንግ የሚባለው የጠዋት ስብሰባ ገብቶ ታካሚዎችን ለማየት ራውንድ ይወጣል። 30 እና 36 ሰዓት መቆም የተለመደ ነው።

አንዲት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ግን «ድካሙንስ እችለዋለሁ፤ የከበደኝ ስድቡ ነው» አለችኝ። «ሌሊት ያተረፍኳቸው ሰዎች ሞርኒንግ ላይ አይነሱም። ካርድ ላይ ያልሞላኋት አንዲት የላብራቶሪ ውጤት ግን በሰው ሁሉ ፊት ታዋርደኛለች። ‹ማነው አንቺን ሐኪም ያደረገሽ?› ተብያለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ፣ ፊቴን ታጥቤ ዎርድ እመለሳለሁ። ጓንት ሲያልቅ፣ ደም ሲጠፋ ደግሞ አስታማሚው የሚያንቀው እኔን ነው።» ትንሽ ቆይታ ጨመረች፦ «አንድ ቀን ታካሚ ሞተብኝና ምንም አልተሰማኝም። ያን ቀን ራሴን ፈራሁት።»

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ የመዘገበው ይህንኑ መዛል (በርንአውት) ነው፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ፣ ውጤታማነት መቀነስ።

ሠልጣኝ ሐኪምን ያለ እረፍት የማሠራት ልማድ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ላይ የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መሪ ዊሊያም ሃልስቴድ፣ ሠልጣኞቹ እዚያው ሆስፒታል እየኖሩ ቀን ከሌሊት እንዲሠሩ አደረገ። ሃልስቴድ ራሱ የኮኬይን፣ ኋላም የሞርፊን ሱሰኛ እንደነበር ዛሬ የታወቀ ታሪክ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት ኒውዮርክ ውስጥ በሬዚደንቶች እጅ እየታከመች ሞተች። ጋዜጠኛው አባቷ ሲድኒ ዛየን የሠልጣኞች የሥራ ሰዓት እንዲገደብ ሲታገል አልተኛም። የኒውዮርክ ግዛት ከ1989 ጀምሮ የሠልጣኝ ሐኪሞችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት ገደበ። ሳይንሱም ይደግፈዋል፦ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት እንዳሳየው 24 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ብቃቱ በብዙ አገሮች መኪና እንዳይነዳ ከሚከለከል ሰካራም ጋር ይመሳሰላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው በጎንደር አቅራቢያ ያለውን ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ ከጨረሰው በኋላ ነበር። ያኔም ጭንቁ የባለሙያ እጥረት ነበር። በ2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱም ጥያቄው ስንት ሐኪም ይመረቅ የሚል ነበር። የተመረቀው ስንት ሰዓት ይቁም፣ ማን ያክብረው የሚለው ተዘለለ። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ ያዛል፤ ተረኛው ሐኪም ግን ይህን በሁለት ቀን ሊጨርሰው ጥቂት ነው የሚቀረው።

በሚያዝያ 2011 ሐኪሞች ጥያቄያቸውን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ለፊት አቀረቡ። በግንቦት 2017 ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዲዩቲ ክፍያና ስለ ራሳቸው ሕክምና ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎች ታሰሩ። የዲዩቲ ሰዓት ገደብ ይኖር እንደሆነ የጠየቅኳቸው አንድ ኃላፊ «ይህ በስልክ የምንነጋገረው አይደለም» አሉኝ፤ ቢሮ ስሄድም አላገኘኋቸውም።

የቻለ አገር ጥሎ ይሄዳል፣ ያልቻለ ሙያ ይቀይራል። የቀረው እንቅልፍ ያጣ ሐኪም ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ታካሚው ነው።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። የዲዩቲ ሰዓት በጽሑፍ ይገደብ። ክፍያው በወሩ ይከፈል። የተሰደበ ሠልጣኝ ከሰደበው ሲኒየር ውጭ አቤት የሚልበት ቦታ ይኑረው። አስታማሚ የሆንን ሁላችንም ጓንት ሲጠፋ አንገቱን የምናንቀው ሰው የጓንቱ ገዢ እንዳልሆነ እንወቅ። ጤና ሚኒስቴርና የሆስፒታል ቦርዶች የሚቀጥለውን ሐኪም ከማስመረቃቸው በፊት ያለውን ያሳርፉት።