ውሃው በማን ማሳ ይለፍ?

ፊዚክስ የድንጋይ፣ የውሃና የኮከብ ትምህርት ነው፤ የሰው ስምምነት ግን የሽማግሌና የዳኛ ጉዳይ ነው የሚል እምነት በሰፊው አለ። ከዚሁ ጋር ተያይዞ ጎረቤታሞች መተባበር ሲያቅታቸው ጥፋቱ የጠባያቸው ነው ይባላል። ሁለቱም እምነቶች ስህተት ናቸው ባይ ነኝ፤ ለዚህም ከእነዋሪ ማሳ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እነዋሪ የምትገኝበት የሰሜን ሸዋው ሞረትና ጅሩ ወረዳ መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ካበጠ በኋላ ውሃ ወደ ታች ስለማያሰርግ ዘሩ በማሳው ላይ በተኛ ውሃ ይበሰብሳል። በብዙ የመረሬ አገር ገበሬው ዝናቡ እስኪቀንስ ጠብቆ ዘግይቶ ይዘራል፤ ዋናው የዝናብ ወቅት ባዶ መሬት ላይ ያልፋል። የእነዋሪ ገበሬ ግን በበሬ ካረሰ በኋላ በቤተሰቡ ጉልበት አፈሩን በእጅ እየሰበሰበ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራል፤ በመደቦቹ መካከል ውሃው በቦይ ይወርዳል። አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል (ኢልካ) በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት ማረሻ አጣምሮ ይህንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቷል። መሣሪያው ድካሙን ቢያቀልም አንድ ጥያቄ አይመልስም፦ ከማሳዬ የወጣው ውሃ የሚገባው የሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ነው።

የአንዱ ውጤት በሌላው ውሳኔም ላይ ሲመሠረት የሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ፣ የጨዋታ ቲዎሪ፣ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ሲመረምር ቆይቷል። ቦይ ቆፍሮ ማስተንፈሻ መክፈት ለከፋቹ ድካም ነው፣ ጥቅሙ ግን ለጎረቤትም ይተርፋል። ሁሉም ከሁሉም ጋር እኩል የሚገናኝ ከሆነ ሌላው ሲለፋ ቁጭ ብሎ የሚጠቀመው ያሸንፋል። ተመራማሪዎቹ ማርቲን ኖዋክና በፊዚክስ ዶክትሬቱን የሠራው ሮበርት ሜይ ግን በ1992 (እ.ኤ.አ.) ተጫዋቾችን ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲገናኙ ሳይሆን እንደ ማሳ ጎን ለጎን በተደረደሩ ካሬዎች ላይ አስቀመጧቸው። ፊዚክስ ማግኔትን የሚያጠናው በተመሳሳይ ሰሌዳ ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት የምታየው አጠገቧ ያለችውን ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ ያለፈውን አያስታውሱም፣ የወደፊቱን አያሰሉም፤ ከጎረቤቶቻቸው የተሻለ ያገኘውን ብቻ ይኮርጃሉ። ያም ሆኖ ተባባሪዎቹ በአንድ አካባቢ ተሰባስበው አልጠፉም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኖዋክና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል መመዘኛ አወጡ፦ መተባበር እንዲበረታ የሚሰጠው ጥቅም ለወጪው ሲካፈል ከአማካይ የጎረቤት ቁጥር መብለጥ አለበት። አራት ጎረቤት ካለ ጥቅሙ ከወጪው አራት እጥፍ መብለጥ ይኖርበታል። እዚህ ስሌት ውስጥ ጠባይ የሚባል ነገር የለም፤ ማን ከማን ጋር ይዋሰናል የሚለው ግን አለ።

ሁበርማንና ግላንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 (እ.ኤ.አ.) በኖዋክና ሜይ ሥራ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አቅርበዋል፤ ሁሉም ተጫዋች በአንድ ቅጽበት ውሳኔውን የሚለውጥበት ሁኔታ ቀርቶ አንድ በአንድ ሲለውጡ ውጤቱ ሊገለበጥ እንደሚችል አሳዩ። ተገቢ ትችት ነው፤ ገበሬዎችም በአንድ ደወል አይወስኑም። በሌላ በኩል ሰው እንደ አተም አይደለም፣ ያስባል የሚል አለ። እውነት ነው፤ ያውም የሚያስበው ደንብ እስከማውጣት ድረስ ነው። ለምሳሌ በመንዝ የጓሳ ሣር ቀሮ በሚባል የማኅበረሰቡ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩም ጎረቤቶቹም እዚያው ነበሩ፣ ጥበቃው ግን ላላ። ካሬዎቹ ብቻ ይህን አያስረዱም። እኔም ፊዚክስ ሰውን ሙሉ በሙሉ ያስረዳል አልልም፤ የምለው ደንብ ከምን ጋር እንደሚታገል ያሳያል ነው።

የእነዋሪ ማሳ ከሰሌዳው የሚለይበት ነገርም እዚህ ላይ ይታያል። በሰሌዳው ላይ ጎረቤታሞች እኩል ይጎዳዳሉ፣ እኩል ይጠቃቀማሉ። ውሃ ግን ሽቅብ አይሄድም፤ የላይኛው ሰው የታችኛውን ሊያጥለቀልቅ ይችላል፣ የታችኛው ግን ብድሩን በውሃ መመለስ አይችልም። የመሬት ስበት ጨዋታውን አዘንብሎታል። ስለዚህ መተባበሩ የላይኛውን በመምከር አይጀመርም፤ ቦዩ መከፈት ያለበት ከግርጌ፣ ከወንዙ ዳር ካለው ማሳ ተነሥቶ ወደ ላይ ነው፤ የታችኛው ሳይከፈት የላይኛው ቢከፈት ልፋቱ ጥፋት ይሆናል። አንድ ገበሬ መሬቱ በተለያየ ቦታ ተበጣጥሶ አንዱ ጋ የላይኛው ሌላው ጋ የታችኛው ከሆነ ደግሞ ብድር መመለሻው እንደገና ይገኛል፤ እዚህ ያጥለቀለቀ እዚያ ይጥለቀለቃልና። የተበጣጠሰ መሬትን አንድ ላይ ማሰባሰብ ሁልጊዜ ጥቅም ነው የሚለው ሐሳብም በዚህ ዓይን እንደገና ሊታይ ይገባዋል።