የመርካቶ ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል? ሂሳቡንስ ማን ይከፍላል?

አንድ ገበሬ በርበሬውን ወይም ቅቤውን ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ መርካቶ ነው። በበርበሬ ተራ፣ በጌሾ ተራ፣ በምናለሽ ተራ እየዞረ ሲሸጥና ሲገዛ ይውላል። በዚህ መካከል ሆዱን ይቆርጠውና መጸዳጃ ቤት ይጠይቃል። በሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ «ሂሳብ ይክፈሉ፣ አባባ» ትለዋለች። ገበሬውም ይደነቃል። «ለዚህም ይከፈላል እንዴ? እኛ አገር ሜዳው ሞልቶ!» ይላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው እንጂ የሚያስቅ አይደለም። የከተማው ነዋሪም ቢሆን ለፍሳሽ ክፈል ሲባል ያጉረመርማል። «ውሃውን ከፍዬ ጠጣሁ። ደግሞ ለደፋሁት ልከፍል ነው?» ይላል። እኛም ተማሪዎች ይህን ማጉረምረም በየቤታችን እየሰማን ነው ያደግነው። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ፍሳሽ ስንል ከመጸዳጃ ቤት፣ ከወጥ ቤትና ከልብስ አጠባ የሚወጣውን የቆሸሸ ውሃ ማለታችን ነው። በገጠር አንድ ቤተሰብ ጉድጓድ ቆፍሮ ቢጸዳዳ፣ የዕቃ እጣቢውን በጓሮ ቢደፋ፣ አፈሩ ቀስ እያለ ይውጠዋል። በአፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት አሉ። እነዚህ ቆሻሻውን እየበሉ ወደ አፈርነት ይለውጡታል። ግን ለዚህ ሥራ ሰፊ ቦታና ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

መርካቶ ሁለቱም የሉትም። ቤት ከቤት፣ ሱቅ ከሱቅ ተጣብቋል። ቀን ቀን ነጋዴው፣ ሸማቹ፣ ተሸካሚው፣ መንገደኛው ይተራመሳል። የዚህ ሁሉ ሰው ቆሻሻ በአንዲት ጠባብ መሬት ላይ ይወርዳል። አፈሩ ቢጠግብ ምን ይገርማል?

አመጣጡም እንዲሁ ነው። ፋሺስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዞ በነበረ ጊዜ ትልቁን ገበያ ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ አዲስ ከተማ ወሰደው። «መርካቶ» የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላም ገበያው እያደገ፣ ቤቱ እየተጠጋጋ ሄደ። ፍሳሹ በየት ይውጣ ብሎ ያሰበ ግን ጥቂት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በመርካቶም ብዙው ተከራይ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነ። በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ ይኖራል፤ ሽንት ቤቱ አንድ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ «የኔ ተራ አይደለም»፣ «የቀበሌው ነው»፣ «ትናንት የተጠቀመው እገሌ ነው» መባባል ይመጣል። ጉድጓዱ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ሞልቶ ይፈሳል።

የከተማው መፍትሔ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መጣጭ መኪና ነው። ይህ ትልቅ በርሜል የተጫነበት ቦቴ ሲሆን፣ ጉድጓዱን በወፍራም ጎማ መጥጦ ይሄዳል። ሁለተኛው ከመሬት በታች የተቀበረ የፍሳሽ ቱቦ ነው። ቱቦው ከየቤቱ ተነሥቶ ወደ መንገዱ ቱቦ፣ የመንገዱም ወደ ትልቁ ቱቦ ይገባል። ልክ ምንጭ ወደ ጅረት፣ ጅረት ወደ ወንዝ እንደሚገባ ነው። ወደ ታች የሚነዳው ቁልቁለቱ ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በከተማው ደቡብ ያለው ቃሊቲ ግን ከዚያ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ የፍሳሽ ማጣሪያው የተሠራው ቃሊቲ ነው።

ይህን ሥራ የሚመራው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. ነው። ውሃ ማምጣትና ፍሳሽ መውሰድ በአንድ መሥሪያ ቤት መሆናቸው ተገቢ ነው እንላለን። የመጣው ውሃ ሁሉ መውጣቱ አይቀርምና። የቃሊቲው ማጣሪያ በመጀመሪያ፣ በ1970ዎቹ፣ ሰፋፊ ኩሬዎች ብቻ ነበሩት። ፍሳሹ በኩሬዎቹ ውስጥ ለብዙ ቀን ይተኛል። ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ረቂቃኑ ነፍሳትና ፀሐይ የቀረውን ይሠሩታል። ያኔ አቅሙ በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። ከተማው ሲያድግ ይህ አልበቃም። በኋላ አዲስ ማጣሪያ ተሠርቶ አቅሙ በቀን ወደ 100,000 ሜትር ኩብ አደገ። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ይሞላል። እንግዲህ 100,000 ሜትር ኩብ ማለት 5,000,000 ጀሪካን ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ከከተሜው በተሻለ ያውቀዋል። መስኖ ባለበት አገር የውሃ አባት አለ። ቦዩን ሁሉም በየድርሻው ይጠርጋል። በሌሊት ቦይ ሰብሮ ውሃ የወሰደ ይቀጣል። ለጠረጋ ያልወጣም ይቀጣል። ለምን? ቦዩ የጋራ ነው፤ ላይኛው ሰው ያጠፋው ታችኛውን ይጎዳል። የፍሳሽ ቱቦ ሕግም ይኸው ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። በመስኖ ጠቡ ውሃው ለምን ቀረብኝ ነው። በፍሳሽ ጠቡ ውሃው ለምን መጣብኝ ነው።

ማንም ሰው ተነሥቶ የቤቱን ፍሳሽ ወደ ዋናው ቱቦ መቀጠል አይችልም። አመልክቶ፣ ባለሙያ ለክቶ፣ የቱቦውና የጉልበቱ ዋጋ ተከፍሎ ነው የሚቀጠለው። ያለ ልክ የተቀጠለ ቱቦ ወይ ያንጠባጥባል፣ ወይ ፍሳሹን መልሶ ወደ ጎረቤት ይልካል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሽንት ቤትን ከዝናብ ውሃ መውረጃ ጋር ማገናኘት ነው። በየመንገዱ ዳር የምናየው ቦይ የዝናብ ነው። ወደ ቃሊቲ አይሄድም፤ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ይህን በጨለማ የሚያደርጉ አሉ። መጣጭ መኪና ከመጥራት ይረክሳልና ክረምት ጠብቀው ጉድጓዳቸውን ከጎርፉ ጋር የሚለቁም አሉ። እንዲህ ያለው ሰው ገንዘብ ያተረፈ ይመስለዋል። ሂሳቡን ግን ሌላ ሰው እንዲከፍለው ልኮታል። ማን እንደሚከፍለው ወደ ኋላ እናያለን።

የዝናብ ውሃንም ወደ ፍሳሽ ቱቦ ማስገባት ክልክል ነው። የፍሳሽ ቱቦ ለጎርፍ አልተለካም። የጣራ ውሃ ሲገባበት በክረምት የብረት ክዳኑን ገፍቶ መንገድ ላይ ይገነፍላል። ጨርቅ፣ ፌስታል፣ አጥንት፣ አመድ፣ የረጋ ጮማ ቱቦን ይዘጋሉ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ደግሞ በማጣሪያው ውስጥ ያሉትን ረቂቃን ነፍሳት ይገድላል። መርካቶ ውስጥ በሶማሌ ተራ በኩል የመኪና ዕቃ ንግድ ሞልቷል። የዘይቱ ነገር እዚያ ቀላል ነገር አይደለም።

ክፍያውስ እንዴት ይታሰባል? መጣጭ መኪና የጠራ ለመጣው መኪና ይከፍላል። በቱቦ የሚጠቀም ግን ምን ያህል እንደለቀቀ በምን ይታወቃል? በፍሳሽ ቱቦ ላይ ቆጣሪ አይደረግም፤ ቆሻሻው ያበላሸዋል። ስለዚህ በዓለም ከተሞች የተለመደው ዘዴ ከውሃ ቆጣሪ መነሣት ነው። ብዙ ውሃ የገባበት ቤት ብዙ ፍሳሽ ያወጣል ተብሎ ይታሰባል። ጓሮውን ያጠጣ ሰው ላልለቀቀው ፍሳሽ ይከፍላል ማለት ነው፤ እሱ ትንሽ እንከን ነው። ትልቁ እንከን ሌላ ነው።

የአዲስ አበባ የውሃ ዋጋ በእርከን ነው። ጥቂት የተጠቀመ በርካሽ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ያለው እየተወደደ ይሄዳል። ሐሳቡ ድሃውን ለመርዳት ነው። ግን አንድ ቆጣሪ ለስድስት አባወራ በሆነበት ግቢ ምን እንደሚሆን አስሉት። ዋጋውን እዚህ እኛው ለምሳሌ እናውጣ፤ እውነተኛው ታሪፍ በየጊዜው ስለሚለወጥ ከቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል። የመጀመሪያዎቹ 5 ሜትር ኩብ እያንዳንዳቸው 2 ብር፣ ከዚያ በላይ ያሉት 4 ብር ይሁኑ። ለብቻው ቆጣሪ ያለው አባወራ በወር 5 ሜትር ኩብ ቢጠቀም 10 ብር ይከፍላል። ስድስቱ አባወራ እያንዳንዳቸው ይህንኑ ያህል ቢጠቀሙ ቆጣሪው 30 ያሳያል። አምስቱ በ2 ብር፣ 10 ብር ነው። የቀሩት 25 በ4 ብር፣ 100 ብር ነው። ድምሩ 110 ብር ነው። ለስድስት ሲካፈል ለያንዳንዱ 18 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሳል። ያው ውሃ፣ ያው ጀሪካን፣ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የፍሳሹ ሂሳብ በዚህ ላይ ከታሰበ ደግሞ ይብሳል።

እንግዲህ ድሃን ለመርዳት የወጣ ሕግ ድሃን ጎዳ ማለት ነው። ይህ የሆነው ሕጉን ያወጣው ሰው በአንድ ቆጣሪ ጀርባ አንድ ቤተሰብ ብቻ ስላየ ነው። መፍትሔው አይጠፋም። ወይ ለየአባወራው ቆጣሪ ማስገባት፣ ወይ ሂሳቡ ሲሠራ የአባወራውን ብዛት መቁጠር ነው። በጋራ ቆጣሪ የሚኖሩ ሰዎችም ስማቸውን ጽፈው፣ ፈርመው ማመልከት ይችላሉ። ማንበብና መጻፍ ለዚህም ይጠቅማል። ቢሉን አንዱ ብቻ ሲያነበውና ሁሉም ሲያነበው ልዩነት አለው።

ለመሆኑ ሰው ባይከፍልስ፣ ፍሳሹንም ወደ ቦይ ቢለቀው ምን ይመጣል? ውሃውን እንከተለው። ከመርካቶ ወገን የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገባል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽ ቆቃን አልፎ እስከ አፋር ይዘልቃል። በዚህ መንገድ ሁሉ ገበሬና ከብት አርቢ አለ። በአቃቂ ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ድንች በወንዙ ውሃ እየጠጣ ይበቅላል። ገበሬው ባዶ እግሩን ጭቃው ውስጥ ይቆማል። ላሙም ከዚያው ትጠጣለች። ሰላጣው ደግሞ በሳምንቱ ተመልሶ ከተማ ይገባል፤ ጉድጓዱን በጨለማ የለቀቀው ሰው ሳይቀር ይበላዋል። ከዚህም በላይ አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ሌላ ከአቃቂ ከሚቆፈሩ ጉድጓዶችም ትጠጣለች።

ሂሳቡን የሚከፍለው እንግዲህ ታችኛው ሰው ነው። በወስፋት፣ በተቅማጥ፣ በሕፃን ሞት ይከፍላል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት የተባለው በሽታ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ በሽታ ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃና ወደ ምግብ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሰው ሆድ ይሄዳል። ሌላ መንገድ የለውም። በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ፣ በ1854 እ.ኤ.አ. ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ቤት እየቆጠረ፣ ብዙዎቹ ከአንድ የውሃ ፓምፕ የቀዱ መሆናቸውን አሳየ። ያን ጊዜ ብዙ ሹም አላመነውም። በ1858 እ.ኤ.አ. ግን የቴምዝ ወንዝ ግማት ምክር ቤቱ ድረስ ገባ። ለትልቁ የቱቦ ሥራ ገንዘብ የተፈቀደው ያኔ ነው። ግማቱ ድሃው ሰፈር ብቻ ሳለ ቸኩሎ የተነሣ አልነበረም።

በአገራችንም ሕጉ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ሁሉ ለደንበኞቹ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት እንዲያዘጋጅ፣ የከተማ አስተዳደሮችም የሕዝብ መጸዳጃ እንዲያቋቁሙና ንጽሕናውን እንዲጠብቁ አዞ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅም የከተማን ቆሻሻ የመሰብሰቡንና በደህና የማስወገዱን ግዴታ በከተማ አስተዳደር ላይ ጥሏል። ከሱ ሕግ ማስከበር እንደሚጠበቅ ሁሉ፣ ከሕዝቡም ሕግ መጠበቅ ይፈለጋል። ቱቦ ባልደረሰበት ሰፈር ግን «ለምን በቱቦ አልተጠቀምክም» ተብሎ ሰው ሊወቀስ አይገባም።

በመርካቶ መጸዳጃ በር ላይ የተቀመጠችው ልጅ የምትቀበለው ገንዘብ ለውሃ፣ ለሳሙና፣ ለጠረገው ሰው ጉልበትና ጉድጓዱን ለሚያነሣው መኪና ይውላል። ተከፍሎ ውሃና ንጽሕና ከሌለ ገበሬው ገንዘቡን መልሺ ቢል አልተሳሳተም። መጣጭ መኪናው ያነሣውም የትም ሊደፋ አይገባውም፤ ወደ ቃሊቲ ወይም ወደ ኮተቤ መወሰድ አለበት። እዚያ ዝቃጩ በማድረቂያ መደብ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋል። ሲደርቅ አፈር ይመስላል፤ ለማዳበሪያ የሚመኘውም አለ። የወስፋት እንቁላል ግን በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ በደንብ ሳይብላላ ለጎመን መደብ አይሰጥም።