የተሸረፈ ብርሌ አይሞረድ

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው አባባል ለስንጥቅ ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ለሽርፈት ግን ይከብዳል። ስንጥቅ ጉዞውን ያልጨረሰ ጉዳት ነው፤ ሙቅ ውሃ ወይም ትንሽ ግጭት ባገኘው ቁጥር ወደፊት ይሄዳል። ሽርፈት ግን ተፈንጥሮ የወጣ ቁራጭ የተወው ጎድጓዳ ነው፤ ዙሪያው ጤነኛ ከሆነ ዕቃው ብዙ ዘመን ይቆማል። ከአያት የወረደ ብርሌ ወይም ከምናለሽ ተራ የተገዛ የቆየ የመድኃኒት ጠርሙስ አፉ ተሸርፎ ሲገኝ፣ ባለቤቱ አንድም ይጥለዋል፣ አንድም በሞረድ አፉን ያስተካክለዋል። ሁለተኛው መንገድ እንደ ጥገና ይቆጠራል እንጂ ከመጣል ብዙም አይርቅም። ጥገና የጎደለውን መሙላት እንጂ የቀረውን መቀነስ አይደለም።

አሮጌ ጠርሙስ ማንነቱ ያለው አፉና መቀመጫው ላይ ነው። አሜሪካዊው ማይክል ኦውንስ በ1903 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጠርሙስን ከነአፉ የሚያወጣ አውቶማቲክ ማሽን እስኪያስተዋውቅ ድረስ፣ አብዛኛው ጠርሙስ አፉ የሚያልቀው በሰው እጅ ነበር። ስለዚህ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተነፍቶ በተሠራ የቆየ ጠርሙስ ላይ፣ በጎኑ ሽቅብ የሚወጣው የመጋጠሚያ መስመር አንገቱ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፤ ሠራተኛው አፉን በትኩሱ ሲያበጅ ደምስሶታልና። በማሽን ጠርሙስ ላይ ግን መስመሩ አፉ ድረስ ይዘልቃል። ዕድሜውን የሚናገረው ምልክት ያለው በዚያች ጠባብ ቦታ ነው፤ ሞረዱ የሚበላውም እሷኑ ነው። ሽርፈቱ 2 ሚሊ ሜትር ከጠለቀ አፉን እኩል ለማድረግ ዙሪያው በሙሉ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በእሳት የለሰለሰው ድቡልቡል ከንፈር ሄዶ ጠፍጣፋና ደብዛዛ ጠርዝ ይተካል።

«ቢያንስ ጠንካራ ይሆናል» የሚል አይጠፋም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ብርጭቆ ሊኖረው ከሚገባው ጥንካሬ በእጅጉ አንሶ የሚሰበረው ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ጭረቶች የተነሳ መሆኑን አሳይቷል። ሻካራ ሞረድ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጭረት ይዘራል። የሠለጠነ ባለሙያ ውሃ እያፈሰሰ፣ ደረጃ በደረጃ እያለሰለሰ ያስወግደዋል፤ በቤቱ መሰርሰሪያ ላይ ድንጋይ ገጥሞ በደረቁ የሚሞርድ ሰው ግን አፉን ያግለዋል፣ ብናኙንም ይተነፍሳል። ትናንት ከሱቅ የተገዛ የውሃ ብርጭቆ ከሆነ እንደፈለጉ ቢሞርዱት ግድ የለም፤ ክርክሩ ተተኪ ስለሌለው ዕቃ ነው።

መሙላት እንዴት ይሠራል? ሽርፈት ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከብርጭቆ ወደ አየር ሲሻገር ስለሚታጠፍ ነው። ጎድጓዳው ብርሃንን በብርጭቆው ልክ በሚያጥፍ ነገር ከተሞላ ድንበሩ አይታይም። የተራ ብርጭቆ ብርሃን የማጠፍ መጠን 1.52 አካባቢ ነው፤ የሙዚየም ጠጋኞች ለብርጭቆ የሚመርጧቸው ጥርት ያሉ ኤፖክሲዎችም እዚያው አካባቢ ናቸው። የውሃ መጠን 1.33 ብቻ ቢሆንም አንድ ጠብታ ሽርፈቱ ላይ ሲያርፍ ነጣ ያለው ጠባሳ ወዲያው ይደበዝዛል፤ ውጤቱን አስቀድሞ ለመገመት ከዚህ የቀለለ ሙከራ የለም። ከዚያ ጠርሙሱ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ቦታው በአሴቶን ይጠረጋል፤ የጣት ቅባት እንኳ ከቀረ ኤፖክሲው አይዝም። በውስጥ በኩል ቴፕ ተለጥፎ፣ በዝግታ የተደባለቀው ኤፖክሲ በስቴኪኒ ጫፍ ጠብ ጠብ ይደረጋል፤ ሲጠነክር ስለሚሰበሰብ ትንሽ ይትረፍረፍ። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ዓይነት ቶሎ ቢጫ ስለሚሆን አይመረጥም፤ ቀናት የሚፈጀው ይሻላል። ሱፐር ግሉ ደግሞ ጎድጓዳ ለመሙላት አልተሠራም። ትርፉ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር በአዲስ ምላጭ ይላጫል፤ ብርጭቆ ወረቀት ጎን ያለውን ጤነኛ ቦታ ይጭረዋል።

«ኤፖክሲስ ቢሆን በጊዜ ብዛት ይበልዝ የለ?» ይባላል። ይበልዛል፤ የትኛውም ዘላለም አይጠራም። ጥቅሙ ግን እዚህ ላይ ነው፤ የበለዘ ሙሌት በትዕግሥት ተነስቶ በአዲስ ይተካል። ሙዚየሞች ብዙ ጊዜ ከሥሩ በአሴቶን የሚሟሟ ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለ ስስ ሽፋን የሚቀቡትም ማንሳቱ እንዲቀል ነው። የተሞረደን ከንፈር ግን ማንም አይመልሰውም።

ከበድ ያለው ጥያቄ «ጠጅ ካልተጠጣበት ብርሌ ምኑ ብርሌ ነው?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ መልሱ ቁርጥ ያለ ነው፤ በሙሌት የተጠገነ አፍ ከከንፈር ጋር አይገናኝም። ጠጅ አልኮልም አሲድም አለው፣ ኤፖክሲው ደግሞ ለምግብ የተሠራ አይደለም። ለመጠጥ አዲስ ብርሌ ይገዛል፤ የቆየው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከሽርፈቱ ሥር ቀጭን መስመር ወደ አንገቱ ከወረደም ነገሩ ወደ አባባሉ ይመለሳል፤ ያኔ መሙላቱ ጉዳቱን ከመሸፈን በቀር አያድነውም። ሊሸጥ የታሰበ ከሆነ ደግሞ ጥገናው ለገዢው ይነገር፤ ብዙ ኤፖክሲ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ከብርጭቆው ተለይቶ ስለሚያበራ፣ የሚያውቅ ገዢ በጨለማ ክፍል ውስጥ በቀላሉ ይደርስበታል።